«ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም»

ልጅ አልበላም ወይም አልተኛም ሲል ከብዙ ቤት የሚሰማው ማስፈራሪያ አንድ ነው፦ «ቆይ፣ ሐኪም ቤት ወስጄ መርፌ ነው የማስወጋህ!» እኔ ነርስ ነኝ፤ ከሥራ ዘመኔ አብዛኛውን ያሳለፍኩት በሕፃናት ክፍል ነው። ይህ ዛቻ እኛ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ በየቀኑ አያለሁ። ነጭ ጋውን ገና ከሩቅ ሲያይ እናቱ ነጠላ ውስጥ የሚገባ ልጅ የቱ ጋ እንደሚያመው አይነግረኝም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ፣ አቅሙ ያላቸው የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በዙምና በቴሌግራም ማስተማርን ለመዱ። በሮቹ ከተከፈቱ በኋላም ልምዱ ጨርሶ አልጠፋም። አንዲት አስተማሪ ወዳጄ የሦስተኛ ክፍል ልጆቿን በቪዲዮ ሆስፒታል እንዳስጎበኝላት የጠየቀችኝ ያኔ ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ሕሙማን መሀል ማስገባት ለማንም አይበጅም፤ በስልክ ካሜራ ግን ይቻላል። አስፈቅጄ፣ የማንም ታካሚ ፊትም ሆነ ድምፅ እንዳይገባ ባዶ ክፍል መርጬ በሩን ዘጋሁ። ልጆቹ በወዲያ በኩል ትልቅ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረዋል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በፕላዝማ የተማረ ሰው የቴሌቪዥን ትምህርትን ጠባይ ያውቃል። በሳተላይት የሚመጣው መምህር ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ገባህም አልገባህም ይቀጥላል። እኔና ወዳጄ ይህ እንዳይደገም ተስማማን፤ እኔ ትንሽ ላወራ፣ ልጆቹ ብዙ ሊጠይቁ።

መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ጉሉኮስ ነው። መርፌው እጅ ውስጥ ተሰክቶ የሚያድር፣ ሲንቀሳቀሱም የሚወጋ ይመስላቸዋል። ጉሉኮስ የሚሰጥበትን አዲስ ካኑላ ከማሸጊያው አውጥቼ ወደ ካሜራው አስጠጋሁ። መርፌውን ከውስጡ ስቤ አወጣሁና የቀረውን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በጣቴ አጠፍኩት። «እጃችሁ ውስጥ የሚቀረው ይኼ ብቻ ነው፤ መርፌው ወዲያው ይወጣል» ስላቸው ክፍላቸው በጫጫታ ተሞላ። ሲወጋ ግን ትንሽ እንደሚያም አልደበቅኳቸውም።

ከዚያ በቤትና በሰፈር ወደሚደርሱ አደጋዎች ተሻገርን። የተቃጠለ ቦታ ላይ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባም፤ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ይፈስበታል። ላምባ ወይም በረኪና የጠጣ ልጅ እንዲያስመልስ አይደረግም፤ ፈጥኖ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያጥባል፤ ከዚያ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። ልጆቹ ተራ በተራ እየደገሙ ያዙት።

በዚህ መሀል ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ተነስታ ወደ ካሜራው መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሲስተር፣ ውሻ የነከሳት ልጅ ለእናቷ ከነገረች አትገረፍም?» አለችኝ።

«አትገረፍም» ብዬ ቃል መግባት አልቻልኩም። እናቷን አላውቃትም፤ የእኛን አገር የቤት አመል ግን አውቀዋለሁ። «መንገር አለባት። ለእናቷ መንገር ከፈራች ለቲቸር ትንገር፤ ቲቸር ከጎኗ ትሆናለች» አልኳት። ወዳጄ ከክፍለ ጊዜው በኋላ ልጅቷን ለብቻዋ አነጋገረቻት። የሰፈር ቡችላ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነክሷት፣ «ውሻ አትንኪ ብዬሽ አልነበር?» እንዳትባል በካልሲ ሸፍናው ነበር። በዚያው ቀን ቤተሰቧ ተጠርቶ ክትባት ጀመረች።

ያስተማረችኝ ይህች ልጅ ናት። የሚደረገውን ሁሉ ታውቅ ነበር፤ ሳሙናውንም፣ ውኃውንም፣ ክትባቱንም ከጓደኞቿ ጋር ደግማዋለች። የጎደላት ዕውቀት አልነበረም፤ ብትናገር እንደማትቀጣ የሚያረጋግጥላት ሰው ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ልጅ ግን በሽታውን የሚደብቀው እኛ ስለምናስደብቀው ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ለዝምታ ይቅርታ የለውም። ቁስሉ ይድናል፣ ነገሩ ይረሳል፤ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ይመጣል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በሽታው አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በ1885 እ.ኤ.አ. የሉዊ ፓስተር ክትባት የተሰጠው ጆሴፍ ማይስተርም የ9 ዓመት ልጅ ነበር።  ያ ልጅ የተረፈው እናቱ ፈጥና ይዛው ስለሄደች ነው። እናት ይዛ የምትሄደው ደግሞ ካወቀች ነው።

ከዚያ በኋላ ከልጆች ጋር በቪዲዮ ስገናኝ ወላጆችም አብረው እንዲቀመጡ እጠይቃለሁ። አንድ አባት «ካልተቆጣንማ ልጅ ይባልጋል» አሉኝ። አክብሬ የመለስኩላቸው፣ ምክርም ተግሣጽም ጊዜ አለው፤ ቁስል ሳይታጠብና መርዝ ሆድ ውስጥ ሳለ ግን ጊዜው አይደለም ብዬ ነው። ከዚያ ሁሉም ወላጅ ልጁን ዓይን ዓይኑን እያየ «ምንም ቢደርስብህ ንገረኝ፣ አልቆጣህም» እንዲለው ጠየቅኩ። ያንን የሰሙ ልጆች ከዚያ በኋላ ያነሱት ጥያቄ ከዚያ በፊት ካነሱት የተለየ ነበር፤ በቤታቸው በእውነት የሆነውን መናገር ጀመሩ።

ወላጆች ሆይ፣ ሐኪምንና መርፌን ማስፈራሪያ አታድርጓቸው። መምህራን፣ ስለ አደጋ ስታስተምሩ ልጁ ለማን እንደሚናገርም አብራችሁ አስተምሩት። ዛሬ ማታ ልጃችሁን አስቀምጣችሁ ያችን «ንገረኝ፣ አልቆጣህም» የምትል ቃል ንገሩት። የነገራችሁ ቀን ደግሞ ቃላችሁን ጠብቁ፤ ቁስሉን እጠቡ፣ ወደ ሐኪም ውሰዱት፣ ቁጣውን ተዉት።