እኔ እንጃ

ሰውዬው ካቻቪቴ ከእጁ አይለይም። ልንገዛው የተስማማነውን ቤት እንጨት ሁሉ በእጀታው እያንኳኳ ያዳምጣል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ጥቂት ይራመድና እንደገና ኳ፣ ኳ። ባለቤቴ ወጥ ቤቱን ትለካለች፤ ልጆቹ የትኛው መኝታ ክፍል የማን እንደሚሆን ይጣላሉ። እኔ ግን የዚያን ሰው ኳኳታ ተከትዬ መዞርን መረጥሁ። ድምፁን አውቀዋለሁና።

ጊዜው ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ከዐሥራ ስምንት ዓመት የኪራይ ኑሮ በኋላ የራሳችን የምንለው ቤት ልንገዛ ነበር። በዚህ አገር ቤት የሚገዛ ሰው ጣራውን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩንና የውኃ ቧንቧውን ያስመረምራል፤ ምስጡን ደግሞ ለብቻው። በውትድርና ያገለገሉ ሰዎች በሚያገኙት፣ መንግሥት ዋስ በሚሆንበት ብድር ለሚገዛ ሰው በሜሪላንድ የምስጥ ምርመራ ግዴታ ነው። እንደ እኛ በተራ የባንክ ብድር ለሚገዛ ግን እንደ ውሉ ነው። እኛን ያስከፈሉን መቶ ዶላር ገደማ ነበር። ከ500,000 ዶላር በላይ ዕዳ ሊሸከም ለተዘጋጀ ሰው ይህ የሚቆጭ ገንዘብ አይደለም።

አባቴ መምህር ነበሩ። ገና በወጣትነታቸው ከጎጃም ተነሥተው ምዕራብ ወለጋ፣ መንዲ ተመደቡ፤ እዚያው ቤት ሠርተው ቀሩ። መንዲን የሚያውቅ ሰው ምስጧን ያውቃል። በየማሳውና በየግጦሹ ኩይሳው ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ይታያል። የሣር ክዳን አይበረክትም፤ አቅም ያገኘ ሁሉ ቆርቆሮ ያለብሳል። ቆርቆሮውን የሚሸከመው ግን ያው እንጨት ነው። ጽድና ወይራ ምስጥን ይቋቋማሉ፤ በመምህር ደመወዝ የሚገዛው ግን ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ለምስጥ ዳቦ ነው። አባቴ ቋሚዎቹን ከመቅበራቸው በፊት ጫፋቸውን በእሳት ለበለቡ፤ በላዩ ላይ ከወፍጮ ቤት የለመኑትን የተቃጠለ ዘይት ደጋግመው ቀቡት። ቤታችን ከዓመት እስከ ዓመት የወፍጮ ሞተር ይሸት ነበር።

«እንደ አሸን ፈላ» ስንል ብዙዎቻችን አሸኑን አይተነው አይደለም። እኔ አይቼዋለሁ። ከመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በኋላ ምስጡ ክንፍ አውጥቶ ከመሬት ይፈልቃል፤ ፋኖሱን ይከባል፤ ወዲያው ክንፉን ይጥልና ጥንድ ጥንድ ሆኖ ወደ አፈሩ ይመለሳል። በማግሥቱ ደጃፉ በክንፍ ብቻ ተሸፍኖ ይጠብቀናል። እናቴ መጥረጊያ ስታነሣ አባቴ መዶሻ ያነሡ ነበር። በመዶሻው እጀታ ከበሩ ጀምረው ቋሚዎቹን አንድ በአንድ እያንኳኩ ቤቱን ይዞሩታል። ደኅናው እንጨት አጥንት የነኩ ያህል አጭር ድምፅ ይሰጣል። የተበላው ግን ከበሮ ይሆናል። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይወድ ውስጡን ይበላና የላይኛውን ይተወዋል፤ የበላውን ቦታ በአፈር ይሞላዋል። ከውጭ ሲያዩት ቋሚ ነው፤ ቀለም የተቀባ፣ ሚስማር የተመታበት፣ ካላንደር የተሰቀለበት።

አባቴ በ1995 ዓ.ም. አረፉ። እናታችን ቀድማ ነበር ያለፈችው። በጥር 1996 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜና እኔ ቤቱን ልንሸጥ ከአዲስ አበባ ወደ መንዲ ሄድን። የዲቪ ዕጣ ደርሶኝ ነበር፤ የቪዛውንና የአውሮፕላኑን ገንዘብ ከየትም ላገኝ አልቻልሁም። በደረስን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝና ተነሥቼ የአባቴን መዶሻ ከአልጋው ሥር አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁት ዛሬም በትክክል አላውቅም። ምናልባት ቤቱን ለመጨረሻ ጊዜ እሳቸው እንደሚዞሩት ልዞረው ፈልጌ ይሆናል። ሳሎኑን ከመኝታ ቤቱ የሚለየው ቋሚ ላይ ስደርስ ከበሮ ሆነ። ካላንደሩን አወረድሁና በአውራ ጣቴ ተጫንሁት። ጣቴ እስከ መገጣጠሚያው ገባ። እርጥብ አፈር ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አፈሩን በእጄ አፍሼ በመስኮት ወረወርሁ፤ ካላንደሩንም መልሼ ሰቀልሁት። ወንድሜ በአልጋው ላይ ሲገላበጥ ሰምቼዋለሁ።

ገዢው ወጣት መምህር ነበር፤ አባቴ ወዳስተማሩበት ትምህርት ቤት ገና መመደቡ ነው። ሚስቱ ሕፃን አዝላ በሩ ላይ ቆማለች። ጣራውን ቀና ብሎ አየ፤ ጓሮውን ዞረ። ከዚያ በበሩ አጠገብ ያለውን ቋሚ በጣቱ አንኳኳው። ያ ደኅና ነበር።

«ምስጥ ነክቶታል እንዴ?» አለን።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። መልሱን ለእኔ ትቶት እንደሆነ፣ ወይም እንድናገር ለምኖኝ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

«እኔ እንጃ፤ እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው» አልሁት።

ውሉን በ18,000 ብር ተዋዋልን። ድርሻዬ አሜሪካ አደረሰኝ። አንባቢ ሆይ፣ «የለም» አላልሁትም፣ ስለዚህ አልዋሸሁትም እያልሁ ራሴን ያባበልሁበትን ዘመን ብዛት ብነግርህ ታፍርብኛለህ።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንጉ ቤት ልመለስ። በሜሪላንድ ሕግ መሠረት ቤት የሚሸጥ ሰው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ስለ ቤቱ የሚያውቀውን ጉድለት በቅጽ ይሞላል፣ ወይ ዋስትና አልሰጥም ብሎ ይፈርማል። ሁለተኛውን ቢመርጥ እንኳ ገዢው በጥንቃቄ አይቶ የማይደርስበትንና ጤናን ወይም ደኅንነትን የሚያሰጋውን ስውር ጉድለት ካወቀ መናገር አይቀርለትም። ሻጮቻችን ቅጹን ሞልተው ነበር። ከእናታቸው የወረሱት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ይህን ደላላችን ስትነግረኝ ደስ አላለኝም። ቅጹ እንጨት የሚያጠፉ ነፍሳት እንዳሉ ይጠይቃል፤ መልሱም ሦስት ሳጥን አለው፦ አዎ፣ የለም፣ አላውቅም። ምልክቱ ያረፈው ሦስተኛው ላይ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። መንግሥት ለእኔ መልስ የሚሆን ሳጥን አዘጋጅቶ ኖሯል።

መርማሪው ከውጭ ነበር የጀመረው። የዝናብ ውኃ መውረጃው ከግድግዳው ሥር ሲያንጠባጥብ፣ የእንጨቱ ደረጃ አፈር ላይ በቀጥታ ሲያርፍ፣ ማገዶው ከቤቱ ጋር ተጠግቶ ሲከመር እያየ ይጽፋል። የዚህ አገር ምስጥ እንደ መንዲው ኩይሳ አይሠራም። ጎጆው ከመሬት በታች ነው፤ በላዩ ላይ ሣር እያጨዱ ዕድሜ ልክ ሊኖሩ ይችላሉ። የመንዲው ምስጥ ቢያንስ አደባባይ ላይ ግንብ ገንብቶ መኖሩን ይናገራል።

ምድር ቤቱ ውስጥ ሰውዬው ተንበርክኮ የወለሉን ሲሚንቶ በእጁ ዳበሰ። በግድግዳው ጥግ፣ በየስንዝር ተኩሉ፣ ተበስተው መልሰው የተደፈኑ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነበሩ። «ይህ ቤት መድኃኒት ጠጥቷል» አለኝ። መቼ እንደሆነ ሲሚንቶው አይናገርም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. እስከ 1988 ድረስ ለዚህ ሥራ ክሎርዴን የሚባል መርዝ በየቤቱ ሥር ይረጭ ነበር፤ በዚያው ዓመት ታገደ።

የተጨመረው ክፍል ሥር ሰው በደረቱ ተስቦ የሚገባበት ጠባብ ቦታ አለ፤ ክሮል ስፔስ ይሉታል። ሰውዬው ቱታውን ለብሶ ገባ። እግሩ ብቻ ሲታየኝ ቆየሁ። ኳ፣ ኳ። ኳ፣ ኳ። ከዚያም ሌላ ድምፅ መጣ፤ እኔም ሳይነግረኝ አወቅሁት። «ማየት ትፈልጋለህ?» አለኝ። የእሑድ ሱሪዬን ለብሼ ነበር፤ ቢሆንም ገባሁ።

በመሠረቱ ግንብ ላይ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው የጭቃ መስመር ከመሬት ተነሥቶ እስከ እንጨቱ ይወጣል። ግንቡ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ የመስመሩም የታችኛው ግማሽ አብሮ ተቀብቷል። ቀለሙን የቀባ ሰው መስመሩን ያላየው ሊሆን አይችልም። የላይኛው ግማሽ ግን አዲስ አፈር ነበር። ሰውዬው መሐሉን በካቻቪቴው ጫፍ ሰበረው። በባትሪው ብርሃን የሩዝ ፍሬ የሚመስሉ ነጫጭ ነፍሳት ተርመሰመሱ። ዓይን የላቸውም፤ ብርሃኑ ሳይሆን አየሩ ነው ያስደነገጣቸው። ከግንቡ በላይ የተጋደመውን እንጨት ሲወጋው ካቻቪቴው እስከ እጀታው ሰመጠ። አውራ ጣቴን ወደ ኪሴ ከተትሁት።

ሪፖርቱ ኤን ፒ ኤም ኤ 33 በተባለው ቅጽ ላይ የተጻፈ ነው። ቅጹ ምስጥን፣ እንጨት የሚፈለፍሉ ጉንዳኖችን፣ እንጨት የሚበሱ ንቦችንና ጥንዚዛዎችን ይመለከታል። የማይሸፍነውንም አይደብቅም፤ ዕቃ የተደረደረበትን፣ ምንጣፍ የተነጠፈበትን፣ ግድግዳ የሸፈነውን ሁሉ «አልተመረመረም» ብሎ ይዘረዝራል። ንጹሕ ነው ብሎ የሚመሰክርበት ዐረፍተ ነገር እንኳ «የሚታይ ምልክት አልተገኘም» ከማለት አያልፍም። ከዘጠና ቀን በኋላ ደግሞ ለቤት ርክክብ አያገለግልም። እንዲህ የተጠነቀቀ ወረቀት በዕድሜዬ አላነበብሁም። የእኛው ግን ምልክትም፣ በሕይወት ያለ ምስጥም፣ የሚታይ ጉዳትም አለ ይላል።

ደላላችን ሐረር የተወለደች ብርቱ ልጅ ነች። «ጋሼ፣ ይሄ ወርቅ ነው!» አለችኝ በስልክ። «የተቀባውን ፎቶ አንሥቶታል። አላውቅም ያሉት ውሸት ነው። መድኃኒቱንም እንጨቱንም ያሠራሉ፣ ከዋጋውም ላይ ሃያ ሺህ ይወርዳሉ። እምቢ ካሉ ጠበቃ እናስጽፍላቸዋለን።»

ትክክል ነበረች፤ ሥራዋም ነው። ባለቤቴም ከእርሷ ጋር ተስማማች። የመንዲውን ነገር ባለቤቴ አታውቅም ነበር፤ በዚያ ማታ ነገርኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ የእነዚህን ሰዎች ዕዳ አንተ ምን ቤት ነህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሆኖም በማግሥቱ ለደላላዋ መድኃኒቱንና የእንጨቱን ጥገና ብቻ እንድትጠይቅ ነገርኋት። በብስጭቷ ለሦስት ቀን በጽሑፍ እንጂ በድምፅ አላናገረችኝም። ሃያው ሺህ ዛሬም አልፎ አልፎ ቤታችን ውስጥ ይነሣል፤ በተለይ የሒሳብ ወረቀት በሚመጣበት ቀን።

ሻጮቹ ሳይከራከሩ ከፈሉ። የሚረጨው መድኃኒት ፊፕሮኒል ይባላል፤ ምስጡ ስለማይታወቀው በውስጡ አልፎ ይሄዳል፣ እርስ በርሱም ይቀባባዋል። አናጢው የተበላውን እንጨት አውጥቶ በሌላ ተካው። ከርክክቡ በፊት ቤቱን ለመጨረሻ ጊዜ ለማየት ስንሄድ ታላቁ ወንድም ቁልፍ ይዞ ጠበቀን፤ ወደ ሰባ የሚጠጋ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። የእሳት ምድጃውን እንዴት እንደምንከፍት አሳየን። ልንለያይ ስንል በመስኮቱ በኩል እየተመለከተ፣ እናቱ በየጸደዩ መስኮቱ ሥር ክንፍ እየለቀመች በብርጭቆ ታስቀምጥ እንደነበር ነገረኝ። ተጨማሪ ነገር ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ አልረዳሁትም። ቁልፉን ተቀበልሁት።

በገባን በሁለተኛው ሳምንት፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ወደ አዲስ አበባ ደወልሁ። በዚያ ጠዋት ነበር፤ ወንድሜ ቡና ላይ ነው። ስለ አዲሱ ቤት ጠየቀኝ፤ ስለ ምስጡ ነገርሁት፣ ሳቀ። ከዚያ ስለ ካላንደሩ ጠየቅሁት።

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ስታንኳኳ ሰምቼሃለሁ» አለኝ በመጨረሻ። «ሰውየው በዓመቱ ደውሎልኝ ነበር እኮ። አልነገርሁህም።»

«ምን አለ?»

«ቋሚውን ለወጥሁት አለኝ። ሌላም ሁለት ለውጧል።»

«ገንዘብ ጠየቀህ?»

«አልጠየቀም። አባታችሁ የሚቀቡት ዘይት ከየት ነበር የሚመጣው ብሎ ነው የጠየቀኝ። ከወፍጮ ቤት ነው አልሁት።»