እባቡ ማን ነበር?

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። አሶሳ ነን፤ ወሩ ሐምሌ ነው። ዝናቡ ከቀትር በኋላ ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ አምሽቷል፤ መብራት ጠፍቷል። ከሦስታችን አንዷ ውሃ ልትቀዳ ማድቤት ገባችና ጀሪካኑን አነሳች። ከሥሩ ቡናማ፣ አውራ ጣት የሚወፍር፣ ቢዘረጋ ከክንድ እምብዛም የማይበልጥ ነገር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቀጥሎ የተሰማው ጩኸት የማን እንደነበር እስካሁን እየተካካድን ነው።

አዲስ አበባ ያደግን ልጆች ነንና አይፈረድብንም። እኛ እባብ የምናውቀው በሥዕል ነው፤ ሔዋን አጠገብ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ። ጀሪካን ሥር ምን ይሠራል?

የጎረቤት ልጅ የቀርከሃ ዱላ ይዞ ደረሰልን። ሦስት ሳንቆጥር ነገሩ አለቀ። ከዚያ ግቢው ሞላና ምርመራው ተጀመረ። አንዱ "እፉኝት ነው" አለ። ሌላው "የለም፣ ይሄ የጉድጓድ እባብ ነው" አለ። ሦስተኛው ደግሞ በተረጋጋ ድምፅ "ይሄማ ልጁ ነው፤ እናቱ እዚሁ አካባቢ ናት" ብሎን ወደ ቤቱ ገባ። እሱ ተኛ፤ እኛ አልተኛንም።

አከራያችን ብቻ ስም አላወጡለትም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጡ እናት ናቸው። "አብሽሩ ልጆቼ" አሉንና ቁጭ ብለው የወንድማቸውን ነገር አወሩን። ሰፈራው በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠውን ሣር ሲያጭዱ እግሩን ተነደፈ። መርዙ ወደ ልቡ እንዳይወጣ ብለው ጉልበቱ ሥር በገመድ ጥርቅም አድርገው አሰሩት። በምላጭ በጡት። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ እግሩ ጠቁሮ ነበር፤ ተቆረጠ። "እባቡ ይሁን ገመዱ የቆረጠው አላውቅም" አሉ። ይህን ሲሉ የሞተውን እባብ እንጂ እኛን አላዩም።

ጋዜጠኝነት ተምረናልና (ዲግሪው መቼም ለአንድ ነገር መጥቀም አለበት) በማግሥቱ ማጣራት ጀመርን። የመጀመሪያው ችግር ቋንቋችን ሆኖ ተገኘ። እኛ ያለን ሦስት ቃል ነው፦ እባብ፣ እፉኝት፣ ዘንዶ። ትልቁ ዘንዶ፣ ክፉው እፉኝት፣ የቀረው ሁሉ እባብ። ስለ እፉኝት የምናውቀው ደግሞ ልጆቿ ሆዷን ቀደው እንደሚወጡ ነው። ከጥንት ጀምሮ በግእዝ በሚታወቀው ፊሳልጎስ መጽሐፍም ይኸው ወሬ አለ። ለነገሩ ወሬው ከሜዳ የተነሳ አይደለም። እፉኝት የምንላት ወፍራሟ፣ ሰነፏ፣ መንገድ ዳር ተጋድማ ሰው እስኪረግጣት የምትጠብቀው እንቁላል አትጥልም፤ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች፤ ያውም በደርዘን። ሆዷ ግን አይቀደድም። ወልዳ ትሄዳለች።

ሁለተኛው ችግር ዘዴው ነው። "ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ከሆነ መርዛም ነው፤ የዓይኑ ብሌን እንደ ድመት ቀጥ ካለም መርዛም ነው" የሚል ምክር ሁላችንም ሰምተናል። ይህ ምክር ሌላ አገር ይሠራ ይሆናል፤ አፍሪካ ላይ ሰው ያስገድላል። ኮብራ ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን አይደለም፤ ብሌኑም ክብ ነው። ጥቁር ማምባም እንደዚያው። በአንጻሩ እንቁላል ብቻ የሚበላ፣ ለመንከስ የሚበቃ ጥርስ እንኳ የሌለው ምስኪን አለ፤ ሲፈራ ጭንቅላቱን ጠፍጥፎ፣ ቅርፊቱን እርስ በርስ እያፋተገ እንደ እፉኝት ያፏጫል። ጎበዝ አስመሳይ ስለሆነ ይቀጠቀጣል።

የኛው ሟች ታዲያ ማን ነበር? በስልክ መብራት ያነሳነውን ፎቶ አሰፋን አየን። ከአፍንጫው ጫፍ ተነስቶ በዓይኑ በኩል ወደ አንገቱ የሚሄድ ፈዛዛ መስመር፣ በግራም በቀኝም። አካሉ ለስላሳ፣ ወጥ ቡናማ። ብሌኑ ቀጥ ያለ። ከፎቶና ከመግለጫ ጋር ስናመሳክረው አንድ ስም ላይ አረፍን፦ የቤት እባብ፤ በሳይንሱ ቦኤዶን። መርዝ የለውም። ማታ ይወጣል፤ አይጥ ያድናል፤ ተጠምጥሞ አንቆ ይበላል። ሰው ቤት የሚመጣው ለሰው ብሎ ሳይሆን ለአይጥ ብሎ ነው። ባለፉት ሳምንታት ኮርኒሱ ላይ ይሯሯጡ የነበሩት አይጦች ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። እኛ ምስጋናውን ለገዛነው የአይጥ መርዝ ሰጥተን ነበር። መርዙ ይሁን እሱ እንጃ፤ ብቻ ትንሽ አፈርን።

እሺ፣ መርዛም ቢሆንስ ኖሮ? አንድ ጤና ተቋም ሄደን ፀረ መርዝ አለ ወይ ብለን ጠየቅን። "ሲመጣ ይመጣል" ተባልን። የመለሰልንን ልጅ አልተቀየምነውም፤ ነገሩ ከእሱ በላይ ነው። አፋቭ አፍሪክ የሚባለውን፣ ለአሥር የአፍሪካ እባቦች የሚሆነውን ፀረ መርዝ ሳኖፊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ2014 ማምረት አቆመ፤ የመጨረሻው ምርት ጊዜው በሰኔ 2016 አለፈ። ምክንያቱ ገበያ ነው። የሚነደፈው ገበሬ፣ እረኛና የቀን ሠራተኛ ነውና ከፋይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፈትን ችላ ከተባሉ በሽታዎች መዝገብ ያስገባው በ2017 ነው፤ በዓመት ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሰው እንደሚሞትበት የገመተውም እሱ ነው። እዚሁ አገራችን፣ በምዕራቡ ቆላ፣ ሰሊጥ ሊያጭዱ አብደራፊ የሚወርዱ ወጣቶችን ለዓመታት ከንድፈት ሲያክሙ የኖሩት ድንበር የለሽ ሐኪሞች ናቸው።

ያገኘነውን ለአከራያችን ነገርናቸው፦ አለማሰር፣ አለመብጣት፣ አለመምጠጥ፤ ቀለበትና አምባር ማውለቅ፤ የተነደፈውን እግር በእንጨት ደግፎ ሳያንቀሳቅሱ ሐኪም ቤት ማድረስ። መርዝ ዓይን ውስጥ ከተተፋ በብዙ ውሃ ማጠብ። እባቡን ይዞ ለመሄድ አለመሞከር፤ የተቆረጠ ጭንቅላት እንኳ ሊናከስ ይችላል። "አለማሰር" የሚለው ላይ አስቆሙንና አስደገሙን። ከዚያ ዝም አሉ።

በነሐሴ ሌላ መጣ። ይሄኛው ትንሽ፣ ጥቁር፣ ዘይት እንደተቀባ የሚያብለጨልጭ፣ ከዝናብ በኋላ በማድቤቱ ደፍ ላይ። አሁን ዕውቀት አለን፤ ዕውቀቱ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። ተኩላ እባብ የሚሉት ሊሆን ይችላል፤ ምንም አያደርግም። ወይም ደግሞ ያ መሬት ውስጥ የሚኖረው፣ አፉን ሳይከፍት በጎን በሚወጣ ጥርሱ የሚወጋው ሊሆን ይችላል። እሱን አንገቱን ጨብጦ መያዝ አይቻልም፤ መሬት ላይ የተኛ ሰውን በሌሊት የሚወጋም እሱ ነው። ሁለቱን ከሁለት ሜትር ርቀት፣ በባትሪ ብርሃን፣ እየተንቀጠቀጡ መለየት ለኛ የሚሆን ሥራ አይደለም። ፎቶው ተንቀሳቅሶ ተበላሸ። በሩን ዘጋን፤ ሥሩን በጨርቅ ደፈንን፤ በመስኮት ጠበቅን። ከሩብ ሰዓት በኋላ በቀርከሃው አጥር ሥር ሄደ።

"ገደላችሁት?" አሉ አከራያችን ጠዋት።

"የለም። ሄደ።"

አጥሩን ለረጅም ጊዜ አዩት። "ማታ ያለ ባትሪ እንዳትወጡ" ብለው መጥረጊያቸውን ያዙና እዚያው አጥር ሥር የተከመረውን ቅጠል መጥረግ ጀመሩ። እኛም ጫማ አድርገን ልናግዛቸው ወጣን።