ካርቦኑ ይቆየን!

እኛ ሁለት የደብረ ሲና ልጆች ጭጋግና ቁልቁለት አሳድገውናል። ከተመረቅን በኋላ ግን ብስክሌት አማረን። ያውም ተራው አይደለም፤ ለረጅም መንገድ የተሠራው፣ «ኢንዱራንስ» የሚሉት ባለ ካርቦን። ዕቁብ ገባን። ዕቁቡንም በትሬክ ብስክሌት ስም «ዶማኔ» አልነው!

ዕቁቡ ሳይወጣልን ሁለት አሮጌ ሳይክል ተውሰን ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድን። ከደጋው ቆላ እስኪገቡ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። አርማንያ ሳንደርስ የአንዳችን ፍሬን ሸተተ፤ ቢይዙት አይዝም። በጫማችን አስፋልት እየፋቅን እንደምንም ቆምን። ተሳቢ መኪና ጆሯችን ሥር ጮሆ አለፈ። ያን ቀን እናቶቻችን ቢያዩን ኖሮ!

መንገድ ዳር ቁጭ ብለን ተጠያየቅን፤ ካርቦን ያድነን ነበር? ኧረ በጭራሽ! የጎደለን ደህና ፍሬንና ያዝ ለቀቅ የማድረግ ልምድ ነው። ለመልሱ ዳገት ደግሞ ቀላል ማርሽ። ወገብ የማያጎብጥ መሪና ሰፋ ያለ ጎማ በአልሙኒየሙም ይገኛል። ካርቦኑ የሚቀንስልን ጥቂት ኪሎ ነው፤ ቢሰነጠቅብን የሰፈራችን ጎሚስታ ምን ያደርገዋል?

ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ውድ ብስክሌት ለእንደሱ ዓይነቱ እንጀራ ነው። ለእኛ ለጀማሪዎቹ ግን ጌጥ ነው።

ዕቁቡ ወጣ። ሁለት ያገለገሉ አልሙኒየም ብስክሌቶች፣ ሁለት ሄልሜትና አዲስ የፍሬን ጎማ ገዛን። ካርቦኑስ? ከሮቢት ደብረ ሲና ሳንገፋ የወጣን ቀን እንነጋገራለን።