ከደሴቱ የወረደ ቋንቋ

ከሐዋሳ አዲስ አበባ የተመላለሰ ሁሉ ባቱን ያውቃታል፤ ድሮ ዝዋይ፣ ለብዙ ሾፌር ዛሬም ዝዋይ። ቆሮሶ ጥብስ ይበላል፣ እጅ ይታጠባል፣ መኪናው ይነሳል። ሐይቁ መሃል አምስት ደሴቶች እንዳሉ፣ እዚያም የራሱ ቋንቋ ያለው ሕዝብ እንደኖረ የሚያነሳ ሰው ግን ብዙ አልገጠመኝም። እኔንም የሳበኝ ሥራ ነው። አንድ አፕ ላይ የቋንቋ ምርጫ ሳስገባ ከዓለም አቀፉ የኮድ ዝርዝር ውስጥ «ዜድ ደብልዩ ኤ» የሚል አየሁ። ዛይ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ካለው ቤታችን የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም።

ትልቁን ደሴት ኦሮሞ ጎረቤቶቹ ቱሉ ጉዶ ይሉታል፣ ትልቅ ተራራ ማለት ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ደግሞ ደብረ ጽዮን ነው። ሕዝቡንም ጎረቤት «ላቂ» ሲለው ኖሯል። በደሴቱ ትውፊት፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚህ 70 ዓመት ያህል ተጠልላለች። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜም ሌሎች መጥተው እንደተቀላቀሉ ይነገራል። ቋንቋው ደግሞ ሌላ ፍንጭ ይሰጣል፤ የቅርብ ዘመዶቹ ስልጥኛ፣ ወለንኛ እና፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ሐረሪ ናቸው። እኔ ታሪኮቹን አላጣላቸውም። ደሴት የሸሸ ሁሉ የሚገባበት ቦታ ነው፣ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሸሽም።

ዳገቱን በድንጋይ እርከን ሠርተው አረሱ፣ ዓሣ አጠመዱ፣ ሸማ ሸመኑ። ውሃው አጥራቸው ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1886 የምኒልክ ጦር በራስ ዳርጌ መሪነት አርሲን ያዘ። ለአርሲ ሕዝብ ያ ዘመን የመከራ ነው፤ ለዛዮች ደግሞ ወደ ዳርቻው የሚወስደው መንገድ የተከፈተበት። ጠባብ እርከን ላይ ለልጅ ልጅ የሚበቃ መሬት ከየት ይመጣል? ቀስ በቀስ ወረዱ። ዳርቻው ላይ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጋብቻው ሁሉ በሌላ ቋንቋ ሆነ። ለዘመናት በፍርሃት የተጠበቀውን ቋንቋ ያሳሳው እንግዲህ ደህና ቀን ነው። ይኼ ነገር እስካሁን አልተዋጠልኝም።

ኖርዌይ ውስጥ ግሪፕ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ደሴት አለች። ከ1897 ጀምሮ ራሷን የቻለች ማዘጋጃ ነበረች፣ በአገሩ የመጨረሻዋ ትንሽ። እ.ኤ.አ. በ1964 ከክርስቲያንሱን ከተማ ጋር ተቀላቀለች፤ በ10 ዓመት ውስጥ ቋሚ ነዋሪ አልቀረባትም። በ15ኛው መቶ ዘመን የተሠራች የእንጨት ቤተ ክርስቲያኗ ግን እስከ ዛሬ አለች። የግሪፕ ሰዎች ቋንቋቸው ኖርዌጅኛ ስለነበር የትም ቢሄዱ ይዘውት ሄዱ። የዛይ ልጅ ግን ባቱ ወርዶ በዛይኛ ሻይ ማዘዝ አይችልም።

የአስተዳደር ስም ብቻ ቢሆን ግድ ባልሰጠኝ። የኛም መታወቂያ ላይ «ደቡብ» የነበረው ከኅዳር 2012ቱ ሕዝበ ውሳኔ በኋላ «ሲዳማ» ሆነ፣ ሰፈሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ቋንቋ እንደዚያ አይደለም። አያቴ በወላይትኛ ትጠራናለች፣ እኛ በአማርኛ «አቤት» እንላለን። የሚጎድለን ነገር እንዳለ የምታውቀው ምናልባት እሷ ብቻ ናት።

የሙያ ጓደኞቼ ወዲያው «ኪቦርድ እንሥራለት» ይላሉ። ያው እኛ ለሁሉም ነገር አፕ ነው መልሳችን። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛይኛን ለመጻፍ የሚሞክር ሰው ስልኩ ብዙም አያስቸግረውም። የጎደለው በዛይኛ ቴክስት የሚላክለት ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት ወደ ቱሉ ጉዶ የወሰደኝ ጀልባ ነጂ ወጣት ነበር። ዛይኛ ትችላለህ ወይ አልኩት።

«እሰማለሁ» አለኝ። «አያቴ ስትቆጣ በሱ ነው የምትቆጣኝ።»

«አንተስ በምን ትመልስላታለህ?»

ሳቀና ሞተሩን አስነሳ።