ቡጋቲና የሴቻ ዳገት

ሰኔ 2016 ዓ.ም. ቡጋቲ ቱርቢዮን የተባለውን አዲሱን መኪናውን ይፋ ሲያደርግ አርባ ምንጭም ውስጥ ስልኩ ላይ ያፈጠጠ ወጣት አልጠፋም። የሚመረተው 250 ብቻ ነው፤ ይፋ ሲደረግ የአንዱ ዋጋ ከ3.8 ሚሊዮን ዩሮ ይጀምር ነበር። ታዲያ የባጃጅ ሹፌር ምን አገባው? ይላል ሰው።

እንዲያውም ነገሩ የሚገባው ለእሱ ነው! ሦስት ሰው ጭኖ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን ሲወጣ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር የት ላይ እንደሚያቃስት በእጁም በጆሮውም ያውቀዋል። 16 ሲሊንደር፣ 8.3 ሊትር፣ ያለ ቱርቦ 1,000 የፈረስ ጉልበት ሲባል ቁጥሩ ተረት አይሆንበትም። ሦስት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ደግሞ 800 ይጨምሩበታል። የፍጥነት ቆጣሪውን የሠሩት የስዊዝ ሰዓት ሠሪዎች ናቸው፤ ስክሪን ሳይሆን ጥርስ በጥርስ የሚዞር፣ ሆድ ዕቃው የሚታይ ማሽን ነው። የመኪናው ስም ራሱ ከሰዓት የተወሰደ ነው።

ከገዢዎቹ ስንቱ ይህን ያህል ያስረዳ ይሆን?

ልጁን ህልመኛ እያሉ ከማሳቀቅ አንድ ያረጀ ሞተር ሰጥቶ "ፈትተህ ግጠመው" ማለት ይሻላል። ቅዳሜ ከሰዓት ከጋራዡ ጥግ ትንሽ ቦታ የሚለቅለት ባለሙያ ሲቀላ ውስጥ አይጠፋም።