ከታች ወደ ላይ

በ2000 ዓ.ም. የገናን በዓል ላሊበላ ለማክበር ታኅሣሥ 15 ቀን ከአዲስ አበባ ስነሣ፣ የእጅ ስልኬን ሆን ብዬ ቤት ትቼ ነበር። ከወልድያ ወዲያ ያለውን መንገድ ከተሳላሚዎች ጋር በእግር ተጓዝኩ። ሬዲዮ የያዘ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም ሰሚ የሚያገኝ አይመስለኝም። ጥር 2 ቀን ፒያሳ ከሚገኝ አንድ ኢንተርኔት ቤት ስቀመጥ፣ ዓለምን እንደ ተውኳት የማገኛት መስሎኝ ነበር።

ዜና በድረ ገጽ የሚነበበው ከአዲሱ ወደ አሮጌው ነው። ስለዚህ የኬንያን ምርጫ ከመጨረሻው ጀመርኩት። የጋናው ፕሬዝዳንት ጆን ኩፉር ሁለቱን ወገኖች ማስማማት ሳይሆንላቸው ከናይሮቢ ተመልሰዋል። ወረድ አልኩ። ምዋይ ኪባኪ የካቢኔያቸውን ከፊል ሾመዋል። አሁንም ወረድ አልኩ። የምርጫ ኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ሳሙኤል ኪቩይቱ፣ ኪባኪ ማሸነፍ አለማሸነፋቸውን እንደማያውቁ ለጋዜጠኞች ተናግረዋል። ታኅሣሥ 23 ቀን ነው። ከዚያ በታች የታኅሣሥ 22 ዜና፦ ኤልዶሬት አጠገብ ኪያምባ በምትባል ሥፍራ፣ ሸሽተው ቤተ ክርስቲያን የተጠለሉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ ቤቱ በላያቸው ተቃጠለ። መስመሩ ዘገምተኛ ስለ ነበር ፎቶግራፉ ጥቂት በጥቂት ከላይ ወደ ታች ተገለጠ። አስተናጋጁ ሰዓቴ ማለቁን ሲነግረኝ ገና አላለቀም። በዚያች ሌሊት እኛም በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ አድረን ነበር።

ተጨማሪ ሰዓት ገዛሁ። ታኅሣሥ 20፦ ኪባኪ 4,584,721፣ ራይላ ኦዲንጋ 4,352,993። ይህን ቁጥር ያወጁት እነዚያው ኪቩይቱ ናቸው፤ የመንግሥት ጣቢያ ብቻ በተገኘበት ክፍል። አንድ ሰዓት ያህል እንኳ ሳይቆይ፣ ሊመሽ ሲል፣ ቃለ መሐላው በቤተ መንግሥቱ ተፈጸመ። ጥርጣሬውን ከእርግጠኝነቱ በፊት አንብቤው ስለ ነበር፣ ቁጥሩ እስከ መጨረሻዋ አኃዝ መቆጠሩ ሰቀጠጠኝ። (ከወራት በኋላ በዳኛ ዮሐን ክሪግለር የተመራው ኮሚሽንም እውነተኛውን ውጤት ማወቅ እንደማይቻል ደመደመ። ሟቾቹ ግን ተቆጥረዋል፤ ከ1,100 በላይ ናቸው።) ከሁሉ በታች ታኅሣሥ 17 ነበር፤ ረጅም፣ ጸጥ ያለ የመራጮች ሰልፍ።

የመልእክት ሣጥኔን የከፈትኩት ከዚህ በኋላ ነው። ኤልዶሬት የሚኖር አንድ መምህር ወዳጅ አለኝ፤ ኪኩዩ ነው። ሦስት ደብዳቤዎች ልኮልኝ ነበር፤ እነዚህን እንኳ በቅደም ተከተላቸው ላንብባቸው ብዬ ከታች ጀመርኩ። የመጀመሪያው ከንጋት በፊት ስለ ተሰለፈበት ምርጫና ስለ ጣቱ ቀለም ነው። ሁለተኛው ከሬዲዮ ሥር እንዳልተነሣ እየቀለደ ይነግረኛል። ሦስተኛው የታኅሣሥ 21 ነው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ። «እስካሁን ደኅና ነን። እናንተ በ1997 ይህን አይታችሁታልና፣ ስንት ቀን ይቆያል?»

ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

የዚያን ዓመት ሰኔ፣ ቀጥሎም የ1998ን ጥቅምት አዲስ አበባ ሆኜ አሳልፌያለሁ፤ መልስ አያጣም ብሎ መጠየቁ አይፈረድበትም። ጥያቄው ሲላክ ግን እኔ ስልኬን በመተዌ እየተደሰትኩ ዳገት እወጣ ነበር። ስለ ቀኖቹ ብዛት አንድ አንቀጽ ጻፍኩ፤ መልሼ አጠፋሁት። የላክሁለት «የት ነህ?» የሚል ብቻ ነው።

መልሱ የመጣው በየካቲት መጨረሻ፣ ኪባኪና ኦዲንጋ በኮፊ አናን ፊት ሥልጣን ለመጋራት ከተፈራረሙ በኋላ ነበር። ናይሮቢ አጠገብ ካለችው ከቲካ፣ ከእኅቱ ቤት ነው የጻፈው። ስለ ቤቱም ስለ ምርጫውም አላነሣም። ላሊበላ እንዴት እንደ ነበረ ጠየቀኝ፤ እኔም ስለ ሌሊቱ ጧፍ፣ ስለ ካህናቱ ዝማሬ፣ ስለ ብርዱም ሳይቀር ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩለት።