ጓሮ የሌለው ሰው ጎመን

የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ሲጀመር የከተማው ሰውም በጓሮው ያልማ ተባለ። ጥሩ ነው። ግን ኮልፌ 18 ማዞሪያ ውስጥ ለውስጥ ገብቶ አንድ ክፍል የተከራየ ሰው ጓሮ ከየት ያመጣል?

ያለው ማዳበሪያ ነው (ከረጢቱን ማለት ነው፤ ዩሪያውን አይደለም)። መሐሉ ላይ ግርጌው የተቆረጠ ጣሳ ይቆምና ጠጠር ይሞላበታል። ዙሪያው አፈርና የደረቀ የበግ ፍግ ሲሆን ጣሳው ወደ ላይ ይሳባል፤ እንዲህ እያለ እስከ አፉ ይሞላል። ጠጠሩን የዘለለ ሰው ውሃው ላይ ይቀርበትና የታችኛው ችግኝ ይደርቅበታል። ከዚያ ጎኑን በቢላ ቀዶ ጎመንና ቆስጣ መትከል ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካንም በቁመቱ ተቆርጦ ሥሩ ከተበሳ ለሰላጣ ይሆናል፤ ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበት ግን አይነካ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ክዳኑ በመርፌ የተበሳ ሃይላንድ ተገልብጦ አፈሩ ላይ ይሰካል፤ ጠብ ጠብ ይላል።

ነገሩን የድሃ ጨዋታ አድርጎ የሚያይ ሰው ከትንሹ አቃቂ ዳር የሚመጣውን ጎመን ያስብ። ወንዙ የፋብሪካና የሽንት ቤት ፍሳሽ እንደተሸከመ ነው አትክልት የሚጠጣው።

ዋናው ጣጣ አከራይ ነው። «ውሃ አበዛችሁ፣ ግቢ አጨቀያችሁ» ይመጣል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ ስለ ግቢው ጥግ ግን ውል ላይ የሚያስጽፍ የለም። ተከራይ ሲፈርም ለሦስት ማዳበሪያ የሚሆን ቦታ አብሮ ያስጽፍ። እምቢ ካሉት ጀሪካኑ ይሻለዋል፤ ቤት ሲለቅ ከአልጋው ጋር አይሱዙ ላይ ይጫናል።